ልጁን ለቀቅ፣ ስሙን ጠበቅ

«መጤ ባህል» የምትለዋን ነገር ከእንግዲህ በመድረክ ላይ የሚያነሳ ሰው ካለ፣ አስቀድሞ የኮቱን ውስጥ ገልብጦ ምልክቱን ያሳየን። የት አገር እንደተሰፋ አብረን እናንብብ፣ ስለ ባህል የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ንዴቴ ከሰማይ አልወረደም። በጌዴኦ ዞን ገደብ ከተማ በተጠራ አንድ የወጣቶች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አጀንዳው ሥራ ፈጠራ ነው ተብለን ነው የሄድነው። መድረኩን የያዙት ሰው ግን ስለ ሥራና ስለ ብድር ለወጉ ያህል ጥቂት ተናገሩና ወደ ጂንስ ሱሪ ተሻገሩ፤ ከዚያም አልተመለሱም። ወጣቱ የቡና ብሩን ለሱሪ እንደሚበትን፣ አባቶች በተቀመጡበት ሶንጎ፣ በጌዴኦ የሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት ጉልበቱን አጋልጦ እንደሚያልፍ፣ የአሜሪካ ስም ወገቡ ላይ ለጥፎ እንደሚንጎራደድ ነገሩን። አዳራሹ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አልሳቀም። ጉልበቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በመዳፉ ሸፈናት።

ያቺ ቀዳዳ ፋብሪካ ቀድዶ የላካት የፋሽን ቀዳዳ አይደለችም። ኅዳርንና ታኅሣሥን ሙሉ ከቡና ማጠቢያው ቦይ የሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ስትፋተግ የወጣች ናት። ልጁ ያፈረባት ቀዳዳ የሥራ ማስረጃው ናት። የተናጋሪው ሱሪ በአንጻሩ ንጹሕ ነበር፤ የተተኮሰበት መስመር እንኳ አልተነካካም።

እንግዲህ በሱሪው እንጀምር። ሰውየው የሰደቡትን ዕቃ ታሪክ ቢያውቁ ኖሮ ያን ያህል ባልደፈሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1870 አካባቢ ሬኖ በምትባል የኔቫዳ የባቡር ሐዲድ ከተማ፣ ከሪጋ የተሰደደ ጃኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። አብዛኛው ሥራው ድንኳን፣ የጋሪ ሸራና የፈረስ ልብስ መስፋት ነው። የአንድ እንጨት ቆራጭ ሚስት መጣችና ባሏ ሱሪ እየቀደደ አላስቀምጥ እንዳላት ነግራ፣ የማይቀደድ ሱሪ እንዲሰፋላት 3 ዶላር ከፈለችው። ዴቪስ የፈረሱን ልብስ ከማሰሪያው ጋር የሚያያይዝባቸውን የመዳብ ሪቬቶች አነሳና የኪሱ ጥግ ጥግ ላይ መታቸው። ያ ሱሪ አልቀደድ አለ። ወሬው በሐዲድ ሠራተኛው መካከል ተዛመተ፣ ትእዛዝ ጎረፈ፣ ዴቪስም ሐሳቡን ሌላ ሰው እንዳይቀማው ሰጋ። የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ የሚጠየቀውን 68 ዶላር ማውጣት ስለከበደው፣ በ1872 ጨርቅ ለሚያቀርብለት የሳን ፍራንሲስኮ ነጋዴ ደብዳቤ ጻፈ። ነጋዴው ከባቫርያ ተሰድዶ የመጣው ሌቪ ስትራውስ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1873 ፓተንት ቁጥር 139,121 ወጣላቸው።

ልብ በሉ። ሱሪውን የጠየቀችው የእንጨት ቆራጭ ሚስት ናት። ያሰበውና የሰፋው ዴቪስ ነው። ለብሶ የፈተነው እንጨት ቆራጩ ነው። በሱሪው ላይ የቀረው ስም ግን የነጋዴው ነው። ሊቫይስ ሲባል የማያውቅ ከተሜ ብትፈልጉ አታገኙም፤ ዴቪስን ያውቃል የምትሉትን ሰው አምጡልኝ። የሰፊው ስም ጠፍቶ የባለ ገንዘቡ ስም የሚነግሥበት ይህ ታሪክ ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች እንግዳ ሊሆን አይገባውም። እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ማዕድን ቆፋሪው ለበሰው፣ ከብት ነጂው ለበሰው። በካንሳስ እ.ኤ.አ. በ1889 የተቋቋመው ሊ ለሠራተኛ ልብስ ሰፋ። ራንግለር ደግሞ በ1947 ፈረስ ላይ ለሚውለው ሰው ብሎ ጂንስ አወጣ። በ1953 ማርሎን ብራንዶ፣ በ1955 ጄምስ ዲን በፊልም ላይ ጂንስ ለብሰው ሲታዩ የአሜሪካ ወጣት ሁሉ እንደነሱ ልልበስ አለ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮችም ተቆጡ፤ ጂንስ የለበሰ ተማሪ ከበር መለሱ፣ ሱሪው ዱርዬ ያደርጋል አሉ። ይኸውላችሁ! የገደቡ ተናጋሪያችን መጤ ባህልን ያወገዙበት ንግግር ራሱ መጤ ነው፤ ከሰባ ዓመት በፊት በአሜሪካ ተነግሮ ያለቀ፣ እንደ ሰልባጅ ታጥፎ የመጣልን ንግግር።

ሰልባጅ ካልን አይቀር ወደ ገበያው እንውረድ። የገደብን ገበያ የሚያውቅ ሰው የሰልባጁን ተራ ያውቃል። ሸራ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ቦንዳው ይፈታል፣ ክምሩ ይናዳል። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ ኬላ ላይ ሲያዝ በዜና እንሰማለን፣ ሳይያዝ ያለፈውን ደግሞ እንለብሳለን። ሻጩ አንዱን ጂንስ ከክምሩ ይመዝዝና ከወገቡ በስተኋላ ያለችውን የቆዳ ምልክት ወደ ፀሐይ ያዞራታል። «ኦርጅናል ነው፤ ና እየው፣ የቻይና አይደለም!» ይላል።

አሁን ገዢውን እዩልኝ። ከቡና ማጠቢያው ሳይት ወርዶ የመጣ ልጅ ነው፤ ጣቶቹ ላይ የእሸት ቡናው ልጋግ ደርቆ ይታያል። መጀመሪያ የሱሪውን ወገብ አንገቱ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ሁለቱ ጫፎች ማጅራቱ ላይ ከተገናኙ ልኩ ነው፣ መለካት አያስፈልግም። ቀጥሎ የመሐል ስፌቱን በሁለት እጁ ወጥሮ ይጎትታል። ከዚያ የኪሱን ሪቬት በጥፍሩ ይፍቃል፤ ቅብ ከሆነ ይላጣል፣ መዳብ ከሆነ ያበራል። ውስጡን ገልብጦ የኪሱን ጨርቅ ይዳብሳል፣ ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ያወጣል ያወርዳል። ዋጋ የሚጠይቀው ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሻጩ የጠራውን ሰምቶ ሱሪውን ይወረውርና ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሻጩም እስኪርቅ ይጠብቅና ይጠራዋል። ይህ ልጅ በስም ብቻ የተታለለ ነው ትሉኛላችሁ? እኔ ግን የማየው የጥራት መርማሪ ነው። ቡናውን ከእጁ የሚረከቡት ሰዎች ሚዛን ላይ እንዲህ ቢጠነቀቁለት ምንኛ በተጠቀመ!

ከገበያው ዳር ደግሞ መኪናዋን እየረገጠ የሚውል ልብስ ሰፊ አለ። አሜሪካዊው እግረ ረጅም ነው መሰለኝ፣ ሱሪው ሁሉ እግሩ ካልተቆረጠ አይሆንም። ጎበዝ ሰፊ ዋናውን ጠርዝ አይጥለውም። ከላይ ያለውን ትርፍ ቆርጦ ያወጣና ያንኑ የጠየመ ጠርዝ መልሶ ይገጥመዋል፤ ስፌቱን ፈልገህ አታገኘውም። ጃኮብ ዴቪስ ገደብ ላይ ተወልዶ ቢሆን እዚህ ሰፊ ጎን ይቀመጥ ነበር።

ለምን ጂንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱም ከፊልሙ ይልቅ ክሩ ውስጥ ነው ያለው። ሰማያዊው የኢንዲጎ ቀለም የጥጡን ክር ዘልቆ አይገባም፤ ላዩን ብቻ ይለብሰዋል፣ ልቡ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። በዚያ ላይ የሚነከረው ድሩ ነው፤ ማጉ ነጭ ነው። ስለዚህ ሰውነትህ ደጋግሞ የሚነካው ቦታ እየነጣ ይሄዳል፤ ጉልበትህ፣ ጭንህ፣ ስልክህን የምትከትበት ኪስ። ሌላ ልብስ ሲያረጅ ድህነትህን አደባባይ ያወጣብሃል። ጂንስ ሲያረጅ የአንተን ቅርጽ ይይዝና ያምራል። ከአንድ በላይ ሱሪ መግዛት ለማይችል ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ልብስ አለ? ሥራ ቦታ ይለብሰዋል፣ አጥቦ ደግሞ ለሠርግ ይለብሰዋል። ጭቃ ይችላል፣ እሾህ ይችላል፣ የሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ ሲነካው እንኳ እንደ ፖሊስተሩ ሟሙቶ ቆዳ ላይ አይጣበቅም።

(ለገደብ ዝናብ ግን የማይረባ ሱሪ ነው፤ ይህንንም ልናገር። አንዴ ከራሰ ይከብድሃል፣ ጭንህን ይገርፍሃል። ዲላ ላይ ጠዋት የተሰጣ ጂንስ ከሰዓት ይደርቅ ይሆናል፤ ገደብ ላይ በክረምት አጥር ላይ ያሰጣኸው ጂንስ ቀናት ቆይቶም ወገቡ አካባቢ እርጥብ ነው። እሱን ለብሰህ ውጣ ቢሉህ የሚሰማህን ብርድ እኛ እናውቀዋለን።)

ወደ ባህሉ ክርክር ልመለስ። የአሜሪካ ጥጥ ገላችን ላይ የወጣው በጂንስ ነው የሚል ካለ አያቱን ይጠይቅ። አቡጀዲ ከየት መጣ? ታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. የአሜሪካ ቆንስል ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አገሩን ወዲህ የሳባት አንዱ ትልቅ ነገር ይኸው ጨርቅ ነበር። በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ሸቀጥ መካከል ያልነጣው የአሜሪካ አቡጀዲ ከፍተኛውን ቦታ ይዞ ነበር። እኛስ በልዋጩ ምን ላክን? ቆዳና ቡና። አዎ፣ ቡና! ዛሬ የገደብ ልጅ ቡና ለቅሞ የአሜሪካ ሱሪ ሲገዛ የሚደነግጡ ሰዎች፣ ልጁ አያት ቅድመ አያቱ የነበሩበትን ገበያ ውስጥ እንደቆመ አልገባቸውም። አያቶቻችን አቡጀዲ ለብሰው ባህላቸው አልጠፋም። እንሰታቸውን ተከሉ፣ ሶንጎ ተቀመጡ፣ በባሌ ሥርዓታቸው ተዳደሩ።

ልብስን አሳዶ መምታትም የቆየ በሽታችን ነው። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ተራማጅ ነን የሚሉ ወንድ ተማሪዎች ተሰብስበው ትርኢቱን በጠበጡ፤ ሚኒ ስከርት የለበሱ ሴቶች ተዋረዱ። ምክንያታቸው የባህል ወረራ ነው የሚል ነበር። እነዚያ ተማሪዎች እንኳ አንድ የሚያስመሰግን ነገር ነበራቸው፤ በአንድ አፋቸው ቀሚስ ሲያወግዙ በሌላው መሬት ለአራሹ ይሉ ነበር። የዛሬዎቹ ሰዎች የያዙት የቀሚሱን ግማሽ ብቻ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ሚጭሌ ላይ በተነሳ ጊዜ ስለ ማንም ሱሪ አልተጣላም። የተጣላው ባለ መሬቱ ከቡናው ላይ ስለሚወስደው ድርሻ ነው። ጦርና በትር ይዞ ጠመንጃ ፊት የቆመው፣ ከዛፉ የሚለቀመው ለማን ይገባል በሚል ጥያቄ ነው። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ በጂንስ ወሬ ሊያስረሱን የሚፈልጉትም እሱን ነው።

አሁን ደግሞ የሱሪውን ወዳጆች ላስቀይም። ሊቫይስን እንደ ነፃነት አርማ የሚያዩ ልጆች አሉ፤ አንድ ነገር ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ፣ በ1880ዎቹ የተሰፋና ከአሮጌ የማዕድን ጉድጓድ የተገኘ የሊቫይስ ሱሪ ከ87 ሺህ ዶላር በላይ ወጣለት። በኪሱ ውስጥ ምን ታትሞ ነበር? በነጭ ሠራተኛ ብቻ የተሰፋ የሚል ማስታወቂያ። አሜሪካ ቻይናውያን ሠራተኞችን በሕግ በከለከለችበት በ1882 ማግስት፣ ኩባንያው ከቻይናዊ እጅ ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚመካበት ጽሑፍ ነበር። በኋላ ተወው፤ ኩባንያውም ታሪኩን አልካደም። እኔ ግን ያን ጽሑፍ ሳስብ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ያኔ ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ማን እንዳልሰፋው መናገር ነበር። ዛሬ ሱሪው ባንግላዴሽ ይሰፋል፣ ቬትናም ይሰፋል፣ ማን እንደሰፋው የሚጠይቅም የሚናገርም የለም።

ኢትዮጵያም ልስፋ ብላ ተነስታ ነበር። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ እልልታው ዲላ ድረስ ይሰማ ነበር። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ፒቪኤች መጣ፤ ቢሾፍቱ ላይ ካኖሪያ የሚባል የህንድ ኩባንያ የጂንሱን ጨርቅ ራሱን እዚሁ መሸመን ጀመረ። ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ ሴት ልጆች እየተመለመሉ በአውቶቡስ ተጫኑ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ጥናት ወጣ። የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ ማለትም 750 ብር ገደማ ነበር። በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207፣ በቻይና 326 ዶላር ነው። ከዓለም የመጨረሻው ማለት ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚባል ነገር አገራችን አልነበራትም፤ ርካሽ ጉልበት አለን ብሎ ባለሀብት መጥራት እንደ ሙያ ተቆጥሮ ነበር። የገዛ ልጆችህን ርካሽ ናቸው ብለህ በዓለም አደባባይ ስታስተዋውቅ መጤ ባህል አልሆነም፤ ልጅህ ሱሪ ሲለብስ ነው ባህል የሚፈርሰው!

የፋብሪካው ስም ይቅርና፣ ልብስ ፋብሪካ ሠርታ የተመለሰች አንዲት የወርካ ቀበሌ ልጅ አውቃለሁ። ሱሪ መስፋት ትችያለሽ ወይ አልኳት። «አይ ጋሼ፣ እኔ የቀበቶ ማስገቢያዋን ብቻ ነበር የምመታው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የቀበቶ ማስገቢያ፣ በማግስቱም የቀበቶ ማስገቢያ። ሱሪው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ አላየችም። የተከራየቻትን አንዲት ክፍል ከሌሎች ልጆች ጋር ተካፍላ፣ ከቤት ቆጮ እየተላከላት፣ ደመወዟ ወር ሳይደርስ እያለቀ ሠራች፤ ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። አባቷ ገበያ ላይ ካለው ሰፊ ዘንድ አስቀጥረዋት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የራሷ መኪና ይኖራት ነበር ብዬ አስባለሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ልታስወጣ መወሰኗ ሲታወቅ ፒቪኤች የሐዋሳውን ፋብሪካ ዘጋ። በጥር መባቻ እ.ኤ.አ. 2022 ዕገዳው ጸና። ስም ያለው ወገን ሌላ አገር ሄዶ ያሰፋል፤ መርፌ ብቻ የያዘው ወገን የት ይሄዳል?

አሁን ቀደም ሲል እመለስበታለሁ ያልኩት ላይ ደረስን። ያ የዴቪስ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1890 ጊዜው አበቃ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ማንም ሰው ኪስ ላይ ሪቬት መምታት ይችላል፤ ምሥጢሩ የሁሉም ሆነ። ኩባንያው ግን አልጠፋም። ለምን? ስሙን አስቀድሞ አጥሮ ነበር። በ1886 ሁለት ፈረሶች ሱሪውን ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱ የሚያሳይ የቆዳ ምልክት ለጥፎ፣ ማንበብ የማይችል ገዢ እንኳ በሥዕሉ ለይቶ እንዲጠይቅ አድርጓል። በ1936 የኋላ ኪሱ ጠርዝ ላይ ያቺን ትንሽ ቀይ ጨርቅ ሰፋ። የኋላ ኪሱን ጥምዝ ስፌት የምትመስል ስፌት የሰፋ ኩባንያ ካገኘ ፍርድ ቤት ያቆመዋል፤ ብዙዎችን አቁሟል። የራሱን የመጨረሻዎቹን የአሜሪካ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዘግቷል። ሱሪ መስፋቱን ለሌላ ትቶ ስሙን ግን ለማንም አልተወም።

እኛስ? ስም የለንም እንዳትሉ። መጋቢት 1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ማኅበር ተቃወመ፣ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነሳ፣ ኦክስፋም ዓለምን አስጮኸ፤ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። ለድሃ አገር ትልቅ ድል ነበር፤ ያን የሠሩ ሰዎች ይመስገኑ። ነገር ግን ስሙን እንዲጠቀሙ ፈቃድ የተሰጣቸው ኩባንያዎች የፈቃድ ክፍያ አልተጠየቁም። ስሙ ይታወቅልን፣ ዋጋው ከዚያ ይከተላል ተባለ። ስሙ ታወቀ! ከቶኪዮ እስከ ኦስሎ ይርጋጨፌ ሳይል የሚከፈት ቡና ቤት የለም ማለት ይቻላል። ዋጋው ተከትሎ ገደብ ድረስ መጥቷል ወይ? ጥያቄውን በመኸር ሰሞን እሸቱን በጆንያ ተሸክሞ ሚዛን ፊት ለተሰለፈ ሰው አቅርቡለት።

ይባስ ብሎ ለዓመታት ገደብ የሚለው ስም ራሱ በቡናው ላይ ብዙም አይታይም ነበር። አብዛኛው ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ በተደረገበት ጊዜ፣ የወርካው ከጨልበሳው፣ የጨልበሳው ከባንኮ ጎቲቲው ተደባልቆ በደረጃና በፊደል ብቻ ይሸጥ ነበር። አብቃዩ ጠፋ፣ ቀበሌው ጠፋ፣ እንደ ጃኮብ ዴቪስ። በ2009 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ቡናን ከነምንጩ ለይቶ መላክ ሲፈቀድ ነው እነዚህ ስሞች በውጭ አገር ከረጢት ላይ በብዛት መታየት የጀመሩት። ዛሬ ገደብ ብቻውን ስም ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ቡና ቆላዮች ከፍታውን፣ ወሊሾና ኩሩሜ የሚሉትን የዛፍ ዓይነቶች ሳይቀር ያውቃሉ።

ታዲያ ይህን ስም ማን ይጠብቀው? በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በፈነዳው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ጎቲቲ የመጠለያ ስም ሆነ። ላስቲክና የእንሰት ቅጠል ጣሪያ ሥር፣ በለበሱት ልብስ ብቻ ሸሽተው የመጡ ሰዎች ጭቃው ላይ ተኙ። በእርዳታ ከመጣው ጨርቅ መካከል ለማንም ልኩ ያልሆነ ሰፊ ጂንስ በገመድ አስረው የሚሄዱ አዛውንት አይተናል። በዚያው ዘመን ባንኮ ጎቲቲ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቡና በአውሮፓና በአሜሪካ መደርደሪያ ላይ ነበር። አንድ ቀበሌ በአንድ ጊዜ የቅንጦት መጠጥ ስምና የረሃብ ስም ሲሆን የየትኛውም መሥሪያ ቤት ወንበር አልተነቃነቀም። ባህል ጠፋ ብሎ መድረክ ላይ መጮህ የሚገባው ያኔ ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ባነር ተሰቀለ፣ ተጨፈረ፣ እኔም ጨፈርኩ። የተመዘገበው ምን እንደሆነ ግን አንብቡት፦ ትልቁ ዛፍ፣ በሥሩ ቡናው፣ በቡናው መካከል እንሰቱ፣ ይህን ሁሉ ሳያጠፋ የሚኖርበት ሰው ዕውቀት። ዛሬ ያን ዛፍ የሚገርዘው፣ ያን እንሰት የሚቆፍረው፣ ያን እሸት ሳይሰብር የሚለቅመው ማነው? ያ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ የለበሰው ልጅ ነው! ቅርሱን የተሸከመውን ሰው በሱሪው ምክንያት እያሸማቀቁ ቅርሱን ማወደስ ከየት የመጣ ብልጠት ነው?

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፣ ሹማምንቱም ነጋዴውም ስሙኝ። ወረዳው በየሳይቱ በር ላይ የዕለቱን የእሸት ዋጋ በትልቁ ይለጥፍ፤ ለቃሚው ሳይለምን ያንብበው። የቡና ገበሬዎች ዩኒየኑና ማኅበራቱ ቡናው ውጭ አገር የተሸጠበትን ዋጋ ለአባሎቻቸው በስብሰባ ሳይሆን በወረቀት ይስጡ። ይርጋጨፌ የሚለውን ስም የያዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በነፃ የሰጠውን ፈቃድ እንደገና ያውጣና ምን እንዳስገኘ ለጌዴኦ ገበሬ ይንገር። ገደብ የሚለውን ስም ደግሞ ሌላ ሰው ሳይቀድመን እናጥረው፤ ሊቫይስ ለአንዲት የኪስ ስፌት ፍርድ ቤት የሚቆም ከሆነ እኛ ለአገራችን ስም መቆም እንዴት ያቅተናል?

እናንተም ከባሕር ማዶ ያላችሁ ቆላዮች፣ ከረጢታችሁን አይቼዋለሁ። ገደብ ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ጥሩ። ከፍታውን ጽፋችኋል፣ የአስተጣጠቡን ዓይነት ጽፋችኋል፣ የራሳችሁን ስም ደግሞ ከሁሉም አግዝፋችሁ። አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ለገበሬው ለአንድ ኪሎ እሸት ስንት ብር እንደተከፈለ። ቦታ ጠበበን እንዳትሉኝ፤ ጃስሚን፣ ሎሚና ኮክ ይሸታል ብላችሁ ለመዘርዘር አልጠበባችሁም።